ዘበኛውን የረሳው ሥልጠና

ጥቅምት 8 ቀን 2018

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የሜዲካል ዋርድ ነርስ ነኝ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለሌላ ሕመም ሲተኙ እንዴት እንደምንይዛቸው ባልደረቦቼን ላሠለጥን ተነስቻለሁ። ያዘዘኝ የለም። የነርሶች አለቃ የሆነችው ሜትረን "ሥራ ካላስፈታሽ ቀጥዪ" ብላኛለች፤ በእኛ ቤት ይሄ ትልቅ ፈቃድ ነው። የሠራሁትንና የተበላሸብኝን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ለምን እንደጀመርኩት ልናገርና ይውጣልኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም የማታ ተረኛ ነበርኩ። በሳንባ ምች የተኙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀን ቀን ጭምት ሰው ናቸው። ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን "በሬዎቼ እህል ውስጥ ገቡ!" ብለው ተነሱ። ካኑላውን፣ ጉሉኮስ የሚገባበትን የክንድ ቱቦ፣ ነቀሉት፤ ደሙ እየተንጠባጠበ በሩን ፍለጋ ሄዱ። ለዋርዱ ሁለት ነርስ ብቻ ነበርን። እጃቸውን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርን፤ ዲያዜፓም የሚባል ማደንዘዣ መሳይ ማረጋጊያ ወጋናቸው። ሲነጋ ልጃቸው መጣ። ምንም አላለም። ፋሻውን ፈትቶ የታሰረበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ሲያሽ ቆየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሆዳቸውን ስነካው ፊኛቸው እስከ እምብርታቸው ተወጥሯል። ካቴተር፣ የሽንት ቱቦ፣ ስናስገባ ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ተይዞባቸው ነበር፤ እኛ ደግሞ ከላዩ አሰርናቸው።

ጥቅምት 14

የመጀመሪያው ቀን። ማስታወቂያ ለጥፌ፣ አዳራሽ አስፈቅጄ፣ ፕሮጀክተር ተውሼ ከቀኑ 8 ሰዓት ጠበቅኩ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "አበል አለው?" የለውም። አምስት ሰው መጣ። ከአምስቱ አንዱ ቀድሞ አልቆ የነበረ የሌላ ስብሰባ ተሰብሳቢ ነው፤ ግን አልሄደም፣ እግዜር ይስጠው።

ከዓለም ጤና ድርጅት ሰነዶች ያዘጋጀሁት ስላይድ ነበረኝ። የመጀመሪያው ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰው ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚኖር፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውም እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሆነ ጽፌያለሁ። ገና እሱን እያነበብኩ አንዱ አዛጋ። ሁለተኛው ስላይድ ላይ መብራት ጠፋ።

መብራቱ መጥፋቱ በጀኝ። ስላይድ ከሌለ ምን ላድርግ? "ቤቱ የሚረሳ ሽማግሌ ወይ አሮጊት ያለበት እጁን ያውጣ" አልኩ። አምስቱም አወጡ። አንዷ፣ እናቷ የሰርግ ቤት መስሏት በየቀኑ እንግዳ ትጠብቃለች፤ ሰው ሳይመጣ ሲመሽ ታለቅሳለች። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት አብራን ስትሠራ አንድ ቀን ተናግራው አታውቅም። ምን ብላ ትናገር? እኛ ዘንድ ያለው ስም "ጃጀ" ነው፤ "ልጅ ሆነ" ነው፤ ከዚያ "እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ" ተብሎ ይዘጋል። ነርሱም ቻርት ላይ የሚጽፈው ይህንኑ ነው፣ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ።

ለዚህ አንድ ታሪክ ብቻ ነገርኳቸው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ለሙያ ጓደኞቹ ያቀረባት፣ በሽታው በስሙ የተጠራባት ሴት፣ በ1901 ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። 51! የእኔ አክስት በ51 ዓመቷ ጤፍ ተሸክማ ገበያ ትወጣለች። እርጅና አደጋውን ያበዛዋል፤ በሽታው ግን ራሱን የቻለ የአንጎል በሽታ ነው። ያዛጋው ልጅ ይህን ሲሰማ ቀና አለ።

ጥቅምት 25

አዳራሽ ተውኩ። አሁን የማስተምረው በርክክብ ሰዓት ነው፤ የማታው ተረኛ ሳይወጣ፣ የቀኑ ሳይጀምር፣ 20 ደቂቃ፣ ቆመን። ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። አበል ያላመጣውን ሰው ቡና አመጣው።

የሳምንቱ ትምህርት አንድ ነገር ነው፦ መርሳት ቀስ ብሎ በዓመታት ይመጣል፤ ዴሊሪየም፣ በሕመም ሰበብ ድንገት የሚመጣ የአእምሮ መቃወስ፣ ግን በሰዓታት ወይ በቀናት ውስጥ ዱብ ይላል፣ ይሄዳል ይመጣል፣ ሰውየው ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። የሚረሳ ሰው ሲታመም ዴሊሪየም ቶሎ ይይዘዋል፤ ሁለቱ ተደራርበው ሲመጡ "ድሮም እንዲህ ናቸው" ብለን እናልፋለን። "ድሮም" ለማለት ድሮን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለበት። እኔ አስታማሚውን የምጠይቅበት ዘዴ ይሄ ነው፦ "ባለፈው ገበያ ቀን እንዴት ነበሩ?" "ከሁለት ሳምንት በፊት" ብለህ ብትጠይቅ መልሱ "ደህና ነበሩ" ነው። ገበያ ብለህ ስትጠይቅ ግን ልጁ ያስታውሳል፤ "ኧረ ባለፈው ገበያማ በግ ሸጠው መጥተዋል" ይልሃል። በግ ሸጦ የመጣ ሰው ዛሬ ልጁን ካላወቀ፣ ድሮም እንዲህ አልነበረም።

ያልጠበቁት ነገር ጸጥ የሚለው ዓይነት ነው። የሚጮኸውን ሁሉም ያየዋል። ግድግዳ እያየ የሚውለው፣ ማንኪያ አፉ ላይ ይዞ የሚተኛው ግን "ጥሩ ሕመምተኛ" ይባላል። አንዷ ነርስ "እኔ እኮ የምወዳቸው እነሱን ነው" ብላ ደነገጠች።

መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት ስድስት ነገር እዩ አልኳቸው፦ ሽንት፣ ሰገራ፣ ሕመም፣ ጥማት፣ ኢንፌክሽን፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። በካርቶን ጽፌ የመድኃኒት ጋሪው ላይ ለጠፍኩት። ሽንትን መጀመሪያ ያደረግኩት ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 4

ዴሊሪየም መኖሩን የምንፈትንበትን፣ ፎር ኤ ቲ የሚባለውን መመዘኛ ጀመርን። ጥሩነቱ ሁለት ደቂቃ ብቻ መፍጀቱ ነው። ንቃቱን ታያለህ፤ ዕድሜ፣ የትውልድ ቀን፣ ያለንበት ቦታና ዓመተ ምሕረት ትጠይቃለህ፤ ወራትን ወደ ኋላ ታስቆጥራለህ፤ ድንገት የመጣ ለውጥ መኖሩን ታረጋግጣለህ። 4ና ከዚያ በላይ ከመጣ ዴሊሪየም ሊሆን ይችላል፤ ከ1 እስከ 3 ከሆነ የማስታወስ ወይ የማሰብ ችግር ሊኖር ይችላል።

ጎጃም ገጠር ላይ ግን ፈተናው የሚጥለው ጤነኛውንም ነው። "የተወለዱት መቼ ነው?" ስትል "ጣሊያን በወጣ በዓመቱ" ይሉሃል። ኢንተርኑ፣ ተለማማጅ ሐኪሙ፣ ስህተት ብሎ ሊቆጥር እስክሪብቶ አነሳ። ቆይ እንጂ! ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፤ ዓመቱን ጨምርበት፣ 84 ዓመታቸው ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው 70 ደግሞ ካርድ ክፍል በግምት የሞላው ነው። ማን ነው የሳተው? ለሚጠራጠር ሁለተኛ ማረጋገጫ አለኝ፦ "በ1960 በግብሩ አመፅ ጊዜ ልጅ ወልደው ነበር?" ድፍን ጎጃም የሚያውቀው ዘመን ነው። ልክ ሲሆኑ ተረቱን ሁሉ ያወጡታል፣ 20 ደቂቃህ እዚያው ያልቃል።

ወራቱ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ አመጣ። ዋናው ቅጽ ከዲሴምበር ጀምሮ ወደ ኋላ ነው፤ ቢያንስ ሰባት ወር ከቆጠሩ ጥሩ። እኛ ከየት እንጀምር? ከጳጉሜን ነው ወይስ ከነሐሴ? ሩብ ሰዓት ተከራከርን። ከነሐሴ ተስማማን። መጀመሪያ እርስ በርሳችን ተፈታተንን፤ አንድ ነርስ "ግንቦት፣ መጋቢት" ብሎ ሚያዝያን ዘለላት፣ እስከ ዛሬ "አቶ ሚያዝያ" እየተባለ ይጠራል። ወራት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እናስቆጥራለን፤ እሱን ግን ለብቻው ነው የምንጽፈው፣ ነጥቡ ውስጥ አናስገባውም። መመዘኛን እንደፈለጉ ቀይሮ ያንኑ ነጥብ መስጠት ራስን ማታለል ነው።

ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ነበር። አንድ የኔታ ተኝተውልናል፤ የቅኔ መምህር ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል፣ እግራቸው አብጦ በልብ ድካም የመጡ። ቻርታቸው ላይ "ግራ ተጋብተዋል" ተብሎ ተጽፏል። ኢንተርኑን ምን ጠይቀሃቸው ነው ብዬ ብጠይቀው "ዓመተ ምሕረቱን ስጠይቃቸው 'ማርቆስ' አሉኝ" አለኝ።

ሳቄ መጣ። ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባለ በአራት ዓመት ይዞራል፤ የኔታ ከካላንደሩ የበለጠ ትክክል ናቸው። ቀኑንም "የሚካኤል ማግስት" ብለው ነገሩኝ፤ 13 ማለት ነው። ሌሎቹን ጥያቄዎች ያልመለሱት ደግሞ ኢንተርኑ በግራ በኩል ስለተቀመጠ ነው። "የኔታ፣ ይሰማዎታል?" ብዬ በቀኛቸው ጎንበስ ስል "ይህኛው ነው ጆሮዬ፣ ልጄ፤ ያኛው ከሞተ ቆየ" አሉኝ።

ግን እውነት ለመናገር መርሳቱ አለ። አብሯቸው የመጣ አንድ የቅኔ ተማሪ ያስታምማቸዋል። በየአሥር ደቂቃው "ተማሪው እህል ቀመሰ?" ይላሉ። ልጁ "ቀምሻለሁ የኔታ" ይላል። ደግመው ይጠይቃሉ። "ቀምሻለሁ የኔታ።" ድምፁ ከመጀመሪያው ጊዜ አይለወጥም፤ አንድ ጊዜ እንኳ "አሁን ነገርኩዎት እኮ" አላለም። እኔ ሦስተኛው ላይ ፊቴ ይከብዳል። ስንወጣ ጠየቅኩት። "እሳቸው እኔን አንድ ዘይቤ ስንት ጊዜ መልሰው ነገሩኝ መሰለሽ" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ርክክብ ላይ ያስተማረው እሱ ነው። ቆሎ ተማሪ ለነርስ! መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ስንት ነገር ነገረን። የኔታ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚጨነቁ፣ ያኔ አልጋቸው ላይ ቀና አድርጎ መቋሚያቸውን ሲያስይዛቸው እንደሚረጋጉ፣ ጸሎታቸውን ግን አንድ ቃል እንደማይስቱ። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ስላይድ ላይ ታገኘዋለህ?

ኅዳር 21

ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣብኝ፦ አጨዳና ጾም።

አጨዳው ሲደርስ አስታማሚ ይጠፋል። ልጆቹ ጤፉ ሳይረግፍ ሊሰበስቡ ይሄዳሉ፣ አልፈርድም፤ የዓመት ጉርስ ነው። አሮጊቷ ግን ለአልጋ ጎረቤት ትተዋለች። ጎረቤቷ ስሟን እንኳ አያውቅም። አንድ ገጽ አዘጋጀሁ፤ ልጁ ከመሄዱ በፊት ጠይቀን እንሞላለን። ቤት ምን ብለው ይጠሯታል? ምን ትበላለች? የምትሰማው በየትኛው ጆሮ ነው? ሌሊት ስንት ጊዜ ትወጣለች? ስትናደድ ምን ያበርዳታል? አንዱ መልስ "የላሟን ስም ጥሩላት" የሚል ነው። ጠራንላት፤ እውነትም ሠራ።

ጾሙ ደግሞ ኅዳር 15 ገባ። ከ9 ሰዓት በፊት አፋቸውን የማይከፍቱ አሉ። የሚረሱት ደግሞ አንዳንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ጾም ይመስላቸዋል፤ ነርሷ ወተት ስታቀርብ ይቆጣሉ፣ ቻርቱ ላይ "ምግብ እንቢ ብለዋል" ይጻፋል። መጣላት ዋጋ የለውም። ለሕመምተኛ እንዲያስፈቱ የነፍስ አባታቸውን ማስጠራት ይቻላል፤ ካህኑ አንድ ቃል ሲሉ የእኔ አሥር ልመና ያልፈታው ይፈታል። እስከዚያው የሱፍ ፍትፍት፣ የአጃ አጥሚት፣ ሽሮ እናቀርባለን። ግን ጾሙ ሌላ ነገርም ይሸፍናል። አንዷ እናት "ጾም ነው" እያሉ ሦስት ቀን አልፏቸዋል፤ ቀጥ አድርገን አስቀምጠን አንድ ማንኪያ ውኃ ስናቀምሳቸው ሳል አነቃቸው። ለካስ መዋጥ ነው ያቃታቸው። ይሉኝታ ነው ጾም ያስባላቸው።

ታኅሣሥ 3

ነቅለው የጣሉትን ካኑላ ሁለት ሳምንት መዝግቤ ነበር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ለማየት። ሌሊት ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ዘጠኝ ተነቅሏል፤ ስድስቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው። ያኔ ምን አለ? ራውንድ፣ ሐኪሞቹ አልጋ በአልጋ እየዞሩ የሚያዩበት ሰዓት። ራውንድ ሲጀመር ዘበኛው ዱላውን አልጋ ብረት ላይ ኳ ኳ እያደረገ "አስታማሚ ውጡ! አስታማሚ ውጡ!" ይላል። የምትረሳው አሮጊት ልጅ ድንገት ከአጠገቧ ይጠፋል፤ ነጭ የለበሱ አሥራ ምናምን ሰዎች ይከቧታል፤ ማንነታቸውን አታውቅም፣ የት እንዳለች አታውቅም። እኔ ብሆን ካኑላውን ብቻ ነቅዬ አልተውም፣ መስኮቱንም እሰብር ነበር።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ ኢንተርን አሠለጠንኩ። የሚያስወጣቸውን ሰው ግን አንድ ቀን ቡና አልጋበዝኩትም። ራሴን ታዘብኩት።

ጋሼ ዘበኛው የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ሰው ይፈራቸዋል። ሄጄ ነገርኳቸው። "ሲስተር፣ ትእዛዝ ነው። የትኛዋ አሮጊት እንደምትረሳ እኔ በምን አውቃለሁ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነጭ ፕላስተር በቢጫ ሃይላይተር ቀብቼ አንዱን አልጋው ላይ፣ አንዱን አስታማሚው ጋቢ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ቢጫ ያለው አይወጣም፤ ራውንድ ላይ ጎኗ ተቀምጦ እጇን ይዞ ይቆያል። አንድ ስፔሻሊስት መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ። ሦስተኛው ቀን ላይ አስታማሚዋ የመድኃኒቱን ታሪክ ሁሉ ስትነግረው ዝም አለ።

ጽዳቶቹንም ጨመርኩ። ሌሊት ሽማግሌ ሲነሳ መጀመሪያ የምታየው ጽዳቷ ናት። ጠዋት ክፍሉን ስትጠርግ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "እንደምን አደራችሁ፣ ዛሬ ታኅሣሥ 3 በዓታ ናት፣ ያላችሁት ሆስፒታል ነው" ትላለች። ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ሰቅዬ ነበር፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ሰሌዳ ምን ያደርግለታል?

ታኅሣሥ 14

ዛሬ ከሐኪሞቹ ጋር ስለ መድኃኒት። በአጭሩ፦ ዲያዜፓም ዴሊሪየምን ያባብሰዋል። ለእንቅልፍ እየተባለ የሚታዘዘው ፕሮሜታዚንም ሽማግሌ ላይ ያቃዣል፣ ሽንት ይይዛል። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የሚባሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለበት ሰው ላይ የስትሮክና የሞት አደጋ ይጨምራሉ፤ ሰውየው ራሱን ወይ ሌላውን ሊጎዳ ካልሆነ፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ አይነኩም፤ ከተነኩም በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ።

አንድ ልዩነት አለ፤ እሱን ካልተናገርኩ ሰው ይሞትብኛል። አረቄ! በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ተኝቶ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ቢንቀጠቀጥና ቢቃዥ፣ ያ ከአልኮል መቋረጥ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ዲያዜፓም መድኃኒቱ ነው። ስለዚህ ሲገቡ ጠይቁ፣ ሳትፈርዱ ጠይቁ፤ "ማታ ማታ ትንሽ ነገር ይቀምሳሉ?" ብላችሁ። "ይጠጣሉ?" ካላችሁ መልሱ "በስመ አብ!" ነው።

ከዚያ ስለ ሕመም። ስታገላብጣቸው የሚማቱ አንዲት እናት ነበሩ፤ "ክፉ" ይሏቸው ነበር። መናገር ለማይችል ሰው አምስት ነገር ይታያል፦ አተነፋፈሱ፣ ማቃሰቱ፣ ፊቱ፣ ሰውነቱ፣ ሲያባብሉት መረጋጋቱ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል። ሰባት አመጡ። ወገባቸው ሥር ማንም ያላየው የአልጋ ቁስል ነበር። ፓራሲታሞል በሰዓቱ፣ ቁስሉ ታጠበ፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። በሦስተኛው ቀን የመቷትን ነርስ መረቋት።

ሌላም አለ፣ አጭር ነው፦ ዓመት ሙሉ "ጃጀች" የተባለች ሴት አንገቷ ላይ እንቅርት አለ፤ ብርድ አትችልም፣ ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ሆዷ ይደርቃል። ኢንተርኑ፣ ያው የማርቆሱ ልጅ፣ ራሱ አስቦ የታይሮይድ ምርመራ ላከ። ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀምራለች። ኩራቴን መደበቅ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 24

ቢጫው ፕላስተር ተበላሸ። ዛሬ ዋርዱ ውስጥ ግማሹ ሰው ቢጫ ለጥፏል። ትርፍ አንጀት ያመመው የ19 ዓመት ልጅ አስታማሚም አለው። ማን ሰጠህ? "እዚያ ጋ ሁለት ብር..." አላስጨረስኩትም። አሁን ጀርባው ላይ እየፈረምኩ ነው፣ ቀኑን ጨምሬ። ጋሼ ደግሞ የራሳቸውን ፈተና ጨምረዋል፤ የተጠራጠሩትን አስታማሚ ቁጭ አድርገው "ምን ይረሳሉ?" ይሉታል። ውሸታሙ "ሁሉን" ይላል። እውነተኛው "ማታ ማታ የሞተ ወንድሟን ትጠራለች" ይላል፤ ያኔ ያስገቡታል። ፎር ኤ ቲን ያወጡት ሰዎች ጋሼን ቢያገኟቸው ጥሩ ነበር።

ጥር 7

ከሠለጠኑት ነርሶች ሦስቱ ወደ ድንገተኛና ኦፕሬሽን ክፍል ተዛወሩ፤ "አቶ ሚያዝያ"ም ሄደ። አራት አዲስ ተመራቂዎች መጥተዋል። እንደገና ከሽንት ልጀምር ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት አንድ ሰው ታስረው አድረዋል፤ ያሰራቸው አዲስ ልጅ ነው፣ ማንም አልነገረውም። አልጮህኩበትም። በሬዎቹ እህል ውስጥ የገቡባቸውን ሽማግሌ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነፋሻው ነገርኩት።

ዛሬ ጠዋት ራውንድ ሊጀመር ሲል በር ላይ አዲስ ዘበኛ ቆሟል፤ ጋሼ አጠገቡ ናቸው። ሳልፍ ሰማኋቸው፦ "ቢጫ ያላትን አታስወጣ። አስወጥተሃት አሮጊቷ ብትነቅለው፣ ጉሉኮሱን አንተ ትተክለዋለህ?"

ሃይላይተሩ ደርቋል። ነገ ካርድ ክፍል ሄጄ አንድ ልለምን።